ነፋስን በልክ ማዘዝ

የሰው ልጅ ነፋስን ለሥራው ማዘዝ የጀመረው ዛሬ አይደለም። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በቦረናም ሆነ በወግዲ፣ ገብሱን ወቅቶ ያበቃ ገበሬ መንሹን እንደ ያዘ ወዲያው ወደ ሥራው አይገባም፤ አስቀድሞ ነፋሱ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይመለከታል፤ መጠኑንም ይገምታል። ነፋሱ ደካማ የሆነ እንደሆነ ገለባው ከፍሬው ጋራ ተመልሶ ይወድቃል፤ ከልክ ያለፈም እንደሆነ ፍሬውን ሳይቀር ይዞት ይሄዳል። እንደዚሁም ብረት ቀጥቃጩ ወናፉን የሚነፋው እንደ ፍሙና እንደ ብረቱ ግለት ነው እንጂ፣ ከጧት እስከ ማታ ባለ በሌለ ኀይሉ አይደለም። የሁለቱም ብልኀት አንድ ነው፤ ይኸውም ለነፋስ መግቢያና መውጫ ማበጀት፣ መጠኑንም ከሚሠራው ሥራ ጋራ ማስተካከል ነው።

ዛሬ ለውድ አንባቢ የምናቀርበው ንግግር ይህንኑ የአውድማና የወናፍ ብልኀት በኮምፒዩተር ሳጥን ውስጥ እንዴት ልንሠራበት እንደምንችል የሚያስረዳ ነው። ጉዳዩ ለጨዋታ ወዳዶች ብቻ የሚጠቅም መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ዳሩ ግን እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ እንደ መሆንዎ በቢሮም ሆነ በቤት ከዚህ መሣሪያ ጋራ ውለው የሚያመሹ ስለ ሆነ፣ ነገሩ በቅርብ ይመለከትዎታል።

ነገሩን ከአንድ ቤት ታሪክ ብንጀምረው ይሻላል። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ተቀምጣለች፤ በስተ ምዕራቧ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያሽቈለቍላል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከቱሉ አውሊያው ግቢ ሌላ በዚችም ከተማ ግቢ ስላለው፣ ኮምፒዩተር በመካነ ሰላም እንግዳ ነገር አይደለም። በዚች ከተማ በእንግድነት ባረፍሁበት በአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት፣ አባት በዕቁብ ገንዘብ ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝተው ለልጃቸው ያስገጣጠሙት፣ ለጨዋታ የሚሆን ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ነበር። ልጁ ቀን ትምህርቱን ይከታተላል፤ ማታ ማታ ጥቂት ይጫወታል፤ ከዚያም የሕንፃ ንድፍ ይሠራበታል፤ ይህንንም ሙያ አንድ ቀን እንጀራው ሊያደርገው ያስባል።

ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ከበራበት ደቂቃ ጀምሮ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኽ ነበር። ክፍሎቹ በአንድ ግድግዳ ብቻ የተለዩ ስለ ሆኑ፣ በማዶው የሚተኙት አያቱ እንቅልፍ አጡ። አንድ ቀን ማለዳ ተነሥተው፣ «ይህ ነገር ሌሊቱን ሙሉ የማንን እህል ሲፈጭ ያድራል?» ሲሉ ጠየቁ። ልጁም አፈረ። ከሳጥኑ ፊት ያሉትን የሁለቱን ማራገቢያዎች ሽቦ ነቀለና፣ «አገራችን ብርድ ነው፤ ያለ እነርሱም ይሠራል» አለ። በርግጥም ጩኸቱ ጠፋ። ዳሩ ግን ሳምንት ሳይሞላው ኮምፒዩተሩ በሥራ መካከል ይንቀራፈፍ፣ ኋላም ያለ ማስጠንቀቂያ ራሱን ያጠፋ ጀመር፤ የብዙ ሰዓት ንድፍም ሳይቀመጥ እየጠፋ ቀረ። አባትዮውም ተጨንቀው፣ «የእናቴን እንቅልፍ ከምነሣ ኮምፒዩተሩን ብሸጠው ይሻላል» እስከ ማለት ደረሱ።

ለመሆኑ ጸጥታና የመሣሪያ ደኅንነት አብረው ሊኖሩ የማይችሉ ጠላቶች ናቸውን? አይደሉም። ይህንንም ለመረዳት አስቀድሞ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኮምፒዩተር የሚበላው የኤሌክትሪክ ኀይል በመጨረሻ ሁሉም ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለጨዋታ የተሠራ ኮምፒዩተር በከባድ ጨዋታ ጊዜ 400 ዋት ያህል ቢበላ፣ በዚያች ጠባብ ሳጥን ውስጥ 400 ዋት ሙቀት ያለ ማቋረጥ ይመነጫል ማለት ነው፤ ይህም የአንድ ባለ 1,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ እኩሌታ ለመሆን ጥቂት የሚቀረው ነው። ዋናዎቹ የሙቀት ምንጮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሒሳቡን የሚሠራው ፕሮሰሰር፣ ሁለተኛውም ሥዕሉን የሚያዘጋጀው ግራፊክስ ካርድ ነው። ሙቀቱ ከቺፑ ተነሥቶ ቴርማል ፔስት በሚባለው ቅባት በኩል ወደ ብረት ክንፎቹ ይሻገራል፤ ከክንፎቹም ወደ አየሩ ያልፋል፤ አየሩም ሙቀቱን ተሸክሞ ከሳጥኑ ይወጣል። የሳጥኑ ማራገቢያዎች፣ ባለሙያዎች ፋን የሚሏቸው፣ ተግባራቸው ይህ የመጨረሻው ነው። ይህ የመጨረሻ በር ከተዘጋ፣ በፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው ማራገቢያ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ ያንኑ የሞቀ አየር መልሶ መላልሶ ከማማሰል በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

ቺፖቹ ራሳቸውን የሚጠብቁበት ሕግ አላቸው። በዘመናችን ያሉት የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው ወደ 95 ወይም ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ እንደሆነ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ይህም ሳይበቃ ሙቀቱ ወደ ላይ የወጣ እንደሆነ ኮምፒዩተሩ ይጠፋል። እንግዲህ የዚያ ልጅ ኮምፒዩተር መንቀራፈፉና መጥፋቱ ራሱን ለማዳን ያደረገው ነገር ነበር።

እዚህ ላይ በደጋ የምንኖር ሰዎች የምንስተው አንድ ነገር አለ። ይኸውም የአገሩ ብርድና የአየሩ የማቀዝቀዝ ችሎታ አንድ አለመሆናቸው ነው። አየር ሙቀትን የሚሸከመው በክብደቱ መጠን ነው፤ ከፍታ በጨመረ ቍጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። በመካነ ሰላም ከፍታ የሚገኝ አንድ ሜትር ኩብ አየር፣ ሙቀቱ እኩል የሆነ እንደሆነ፣ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ክብደት ከአራት እጅ ሦስቱን እጅ እንኳ አይሞላም። የቤት እመቤቶች የዚህኑ የከፍታ ነገር በሌላ መንገድ ያውቁታል፤ በጅቡቲ ወደብ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በመካነ ሰላም በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ባቄላውና ሽምብራው በደጋ ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ነገሩን በቍጥር እንየው። 400 ዋት ሙቀት ከሳጥኑ ለማስወጣት፣ የሚወጣውም አየር ከሚገባው በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ ብንፈልግ፣ በባሕር ዳርቻ በሰዓት 120 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይበቃል። በመካነ ሰላም ግን ለዚያው ሥራ 160 ሜትር ኩብ ገደማ ያስፈልጋል። መጠኑን ሳንጨምር በ120ው ብንወሰን የሙቀቱ ብልጫ ከ10 ወደ 14 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር ለታላላቅ የኮምፒዩተር ክፍሎች በሚያወጣው መመሪያ፣ በተለመዱት መደቦች ከ900 ሜትር ከፍታ በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ እንዲቀነስ የሚያሳስበው ስለዚህ ነው። በ2,600 ሜትር ላይ ይህ ወደ 6 ዲግሪ ይጠጋል። አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ የመዲናይቱ አንባቢ ከዚህ ሕግ ነፃ ነኝ ሊል አይችልም።

በርግጥ የደጋው ብርድ አይረዳም ማለታችን አይደለም፤ 15 ዲግሪ የሆነ ክፍል 30 ዲግሪ ከሆነው ክፍል ለኮምፒዩተር እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ብርዱ የሚጠቅመው ቀዝቃዛው አየር ወደ ሳጥኑ የገባ፣ የሞቀውም የወጣ እንደሆነ ብቻ ነው። በሩና መስኮቱ በተዘጋ ቤት ውስጥ እሳት ለሚያነድ ሰው የደጁ ብርድ ምን ያደርግለታል?

አሁን ወደ ጩኸቱ እንመለስ። ማራገቢያ የሚገዛበት አንድ የተፈጥሮ ሕግ አለ። ፍጥነቱ በእኩሌታ የቀነሰ እንደሆነ የሚያመጣው አየርም በእኩሌታ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን በ15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። የ10 ዴሲቤል ቅናሽ ለሰው ጆሮ ድምፁ እኩሌታ የሆነ ያህል ስለሚሰማ፣ ይህ ቀላል ትርፍ አይደለም። የሚበላውም የኤሌክትሪክ ኀይል ወደ ስምንተኛው እጅ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አንድ ማራገቢያ በሙሉ ፍጥነት ከሚጮኽ ይልቅ፣ ሁለት ማራገቢያዎች ጐን ለጐን በእኩሌታ ፍጥነት ቢሠሩ፣ ያንኑ የሚያህል አየር በ12 ዴሲቤል ገደማ ባነሰ ድምፅ ያቀርባሉ። እንደዚሁም 140 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ማራገቢያ 120 ሚሊሜትር ካለው ቀስ ብሎ እየዞረ ያንኑ አየር ሊያመጣ ይችላል። ነገሩ በደቦ እንደሚታጨድ አዝመራ ነው፤ እጅ በበዛ ጊዜ ማንም ሳይደክም ሥራው ያልቃል። ልጁ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ማራገቢያ ነቅሎ ጸጥታን ፈለገ፤ ጸጥታ ግን የሚገኘው ሁሉም ጥቂት ጥቂት እንዲሠሩ በማድረግ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ሥራውን በቅደም ተከተል እንይ።

አንደኛ፤ የነፋሱን መንገድ ማበጀት ነው። ቀዝቃዛው አየር በሳጥኑ ፊት ይግባ፤ የሞቀው በስተኋላና በላይ ይውጣ። ለአብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች ሁለት ማስገቢያ በፊት፣ አንድ ማስወጫ በኋላ ይበቃል። ማራገቢያው ወዴት እንደሚነፍስ ለማወቅ በጐኑ ላይ የተቀረጸውን ቀስት መመልከት ነው፤ ቀስት የሌለው እንደሆነ፣ አየሩ የሚወጣው ሞተሩን የያዙት አግዳሚ እግሮች ባሉበት ወገን መሆኑን ያስታውሱ። የሚጠራጠሩ ከሆነ ስስ ወረቀት ያስጠጉ፤ ወረቀቱን የሳበው አስገቢ፣ የገፋውም አስወጪ ነው። ሁለት ማራገቢያዎች ፊት ለፊት የሚጋፉ፣ ወይም ሁሉም አስወጪ ሆነው የተገጠሙበት ሳጥን ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። የሚገባው አየር ከሚወጣው ጥቂት የበለጠ እንደሆነ ደግሞ፣ አየሩ በማጣሪያው በኩል ብቻ ስለሚገባ፣ በበጋ ጊዜ የሚነሣው አቧራ በየቀዳዳው አይሰርግም።

ለዚሁ መንገድ የውጭውም ስፍራ አስፈላጊ ነው። በቤታችን ቴሌቪዥኑንም ሆነ ኮምፒዩተሩን በዳንቴል ማልበስ የተለመደ ያማረ ልማድ ነው፤ ኮምፒዩተሩ በሚሠራበት ጊዜ ግን ዳንቴሉ ይነሣ፤ የላዩ ቀዳዳ የተሠራው ሊተነፍስበት ነው። ከሳጥኑ ኋላ እስከ ግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይተው። ከወለሉም በጥቂት ከፍ ይበል። ማእድ ቤቱ በቅርብ ካለ የባሕር ዛፍ ጭስ ከአቧራ ጋራ ተዋሕዶ ክንፎቹን እንደ ጥላሸት ስለሚለብሳቸው፣ ማጣሪያውንና ክንፎቹን በየጥቂት ወሩ ማጽዳት ግዴታ ነው። በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ይጥፋ፤ ሽቦውም ከግድግዳው ይነቀል፤ አየር የሚነፉም ከሆነ ማራገቢያው በነፋሱ ኀይል እንዳይሽከረከር ክንፉን በጣት ይያዙ።

ሁለተኛ፤ ሽቦውን ማወቅ ነው። የሳጥን ማራገቢያዎች አብዛኛውን ጊዜ ባለ 3 ወይም ባለ 4 ሽቦ ናቸው። ባለ 3 ሽቦው ፍጥነቱ የሚለወጠው የሚሰጠው ቮልቴጅ ከ12 ቮልት ወደ ታች በመቀነስ ነው፤ ይህ አሠራር ዲሲ ይባላል። ባለ 4 ሽቦው ግን 12 ቮልቱን ሳይቀነስ እየተቀበለ፣ በአራተኛው ሽቦ በሚመጣለት ትእዛዝ ፍጥነቱን ይለውጣል፤ ይህ አሠራር ፒ ደብሊው ኤም ይባላል። ትእዛዙ በሰከንድ 25,000 ጊዜ ያህል የሚበራና የሚጠፋ ምልክት ነው፤ የሚበራበት ጊዜ በረዘመ መጠን ማራገቢያው ይፈጥናል። ይህ ባለ 4 ሽቦ ሥርዓት በዴስክቶፕ ኮምፒዩተሮች ላይ በሰፊው የገባው በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

ይህን ልዩነት አለማወቅ የብዙ ጩኸት ምክንያት ነው። ባለ 3 ሽቦ ማራገቢያ በፒ ደብሊው ኤም ሥርዓት በተመደበ መሰኪያ ላይ የተሰካ እንደሆነ፣ ትእዛዙ የሚመጣበት አራተኛ ሽቦ ስለሌለው የሚደርሰው ሙሉው 12 ቮልት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም በሙሉ ፍጥነት ይጮኻል። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ዴል ወይም ኤፍ 2 የተባለውን ቍልፍ በመጫን ባዮስ ወደሚባለው የመሠረታዊ ማስተካከያ ገጽ መግባት፣ ከዚያም የዚያን መሰኪያ ሥርዓት ወደ ዲሲ መለወጥ ነው። ደግሞም በአንድ መሰኪያ ላይ በማከፋፈያ ሽቦ ብዙ ማራገቢያ የሚሰኩ ከሆነ፣ የአብዛኞቹ መሰኪያዎች ዐቅም 1 አምፔር መሆኑን ይወቁ፤ ድምሩ ከዚያ ያለፈ እንደሆነ ማዘርቦርዱ ሊጐዳ ይችላል።

ሦስተኛ፤ ሙቀቱንና ፍጥነቱን የሚያገናኝ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። በባዮስ ውስጥ ይህ ሰንጠረዥ እንደ ተራራ ገጽ በሚወጣ መሥመር ተሥሎ ይገኛል። ለመነሻ ያህል ለሳጥኑ ማራገቢያዎች የሚከተለውን መሞከር ይቻላል፤ እስከ 45 ዲግሪ ድረስ ከመቶ 30፤ በ60 ዲግሪ ከመቶ 45፤ በ70 ዲግሪ ከመቶ 60፤ በ80 ዲግሪ ከመቶ 80፤ ከ88 ዲግሪ በላይ ሙሉ ፍጥነት። ይህ ሕግ ሳይሆን መነሻ ነው፤ እያንዳንዱ ሳጥን የራሱ ጠባይ አለው። ፍጥነቱ ከመቶ 20 በታች የወረደ እንደሆነ አንዳንድ ማራገቢያ ይቆማል፤ ቆሞም ለመነሣት ይቸገራል። በአንድ በተወሰነ ፍጥነት ላይ ሳጥኑ አብሮ የሚንቀጠቀጥና የሚያጉረመርም ከሆነም፣ መሥመሩ በዚያ ፍጥነት ላይ ሳይቆም ቶሎ እንዲያልፈው ያድርጉ። ድምፁ ግን የመፋቅ ወይም የመንኰራኰር ድምፅ ከሆነ ምክንያቱ ያረጀ ማዞሪያ ነውና፣ ማራገቢያውን ከመለወጥ በቀር ሰንጠረዥ አያድነውም።

አራተኛ፤ ማራገቢያው እንዳይደነግጥ ማድረግ ነው። የፕሮሰሰር ሙቀት በባሕርዩ ችኩል ነው፤ አንድ ገጽ ሲከፈት ብቻ በሰከንድ ውስጥ 15 ዲግሪ ወጥቶ ወዲያው ሊወርድ ይችላል። ማራገቢያው ይህን ሁሉ እየተከተለ ሲነሣና ሲወድቅ ጆሮ ይረበሻል፤ የሰው ጆሮ ከማያቋርጥ ዝቅተኛ ድምፅ ይልቅ የሚለዋወጥ ድምፅ ያስቸግረዋልና። ስለዚህ በማስተካከያው ውስጥ የመዘግየት ጊዜ ይስጡት፤ ለመፍጠን ጥቂት ሰከንድ፣ ለመቀነስም ከዚያ ረዘም ያለ ጊዜ ይጠብቅ። ደግሞም የወጣው ሙቀት በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ካልወረደ በቀር ፍጥነቱ እንዳይቀነስ ማዘዝ ይቻላል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ የብረት ክንፎቹ ሙቀቱን ለጥቂት ጊዜ በሆዳቸው ስለሚይዙ፣ ይህ ትዕግሥት ጉዳት አያመጣም።

ከዚህም ጋራ ማራገቢያው የማንን ሙቀት ይከተል የሚለው ጥያቄ አለ። በጨዋታ ጊዜ አብዛኛው ሙቀት የሚመጣው ከግራፊክስ ካርዱ ነው፤ የብዙዎቹ ማዘርቦርዶች ባዮስ ግን የካርዱን ሙቀት አያይም። ስለዚህ በዊንዶውስ ለሚሠሩ ፋን ኮንትሮል የተባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም፣ በሊኑክስም ለሚሠሩ ኤል ኤም ሴንሰርስ የተባለው መሣሪያ ይረዳቸዋል። በፋን ኮንትሮል አማካይነት ማራገቢያው ከፕሮሰሰሩና ከካርዱ ሙቀት የበለጠውን እንዲከተል ማዘዝ ይቻላል። ፕሮግራሙ አንድ ቀን ባይነሣ እንኳ ኮምፒዩተሩ ያለ ጠባቂ እንዳይቀር፣ በባዮስ ውስጥ ያለውም ሰንጠረዥ ደኅና ሆኖ ይቀመጥ፤ የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ ሲቆም የሚያስጠነቅቀውም ደወል አይዘጋ።

አምስተኛ፤ መፈተንና መዝገብ መያዝ ነው። ይህ ለመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ ሥራ አይደለም። ከባድ ጨዋታ ወይም ከባድ ሥራ ከፍተው ለ30 ደቂቃ ይተዉት፤ የክፍሉን ሙቀት፣ የፕሮሰሰሩን፣ የካርዱን፣ የማራገቢያዎቹንም ፍጥነት በደብተር ላይ ይጻፉ። ከዚያ የሳጥኑን የጐን ክዳን ከፍተው ያንኑ ይድገሙ። ክዳኑ ሲከፈት ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በላይ የወረደ እንደሆነ፣ ሳጥኑ አየር ጠምቶታል ማለት ነው፤ የማራገቢያዎቹን መንገድ ይመርምሩ። ምንም ያልወረደ እንደሆነ ግን ጥፋቱ ከሳጥኑ አይደለም፤ ቴርማል ፔስቱ ደርቆ፣ ወይም የብረት ክንፎቹ በአቧራ ተደፍነው፣ ወይም ክንፎቹ በቺፑ ላይ በሚገባ ሳይቀመጡ ቀርተው ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ለውጦ አንድ ጊዜ መለካት እንጂ፣ አምስት ነገር ባንድ ጊዜ ለውጦ የትኛው እንደ ጠቀመ ሳያውቁ መቅረት አይገባም።

ይህ ሁሉ በቢሮ ላለው ተራ ዴስክቶፕም ያገለግላል። የበጀት መዝጊያ ሰሞን ሲደርስ የሚንቀራፈፈው፣ ከጠረጴዛው ሥር በመዝገብ ክምር መካከል የተቀበረው ኮምፒዩተር፣ ብዙ ጊዜ አርጅቶ ሳይሆን ታፍኖ ነው። አዲስ ዕቃ ይገዛልን ብሎ ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት፣ ሳጥኑን ከፍቶ አቧራውን ማራገፍና መዝገቡን ከፊቱ ማንሣት ለመንግሥት ገንዘብ የሚያስብ ሠራተኛ ሥራ ነው።

አሁን ወደ መካነ ሰላሙ ቤት እንመለስ። ከልጁ ጋራ ሆነን ሳጥኑን ስንከፍት ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነ። የተነቀሉት ሁለቱ ማራገቢያዎች ባለ 3 ሽቦ ነበሩ፤ መሰኪያዎቹ ግን በፒ ደብሊው ኤም ሥርዓት ተመድበው ኖረዋል፤ እንደ ወፍጮ ያስጮኻቸው ይኸው ነው። ሳጥኑ ከግድግዳው ጋራ ተጣብቋል፤ በላዩም እናቱ በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል ተዘርግቷል። የፊቶቹ ማራገቢያዎች ከተነቀሉ በኋላ የፕሮሰሰሩ ሙቀት ከ90 ዲግሪ አልፎ ይወጣ ነበር።

ሽቦዎቹን መልሰን ሰካን፤ ሥርዓቱን ወደ ዲሲ ለወጥን፤ ሰንጠረዡን አዘጋጀን፤ ሳጥኑንም ከግድግዳው አራቅነው። ዳንቴሉን እናቱ ራሳቸው አንሥተው ወደ ሬዲዮኑ ወሰዱት። በዚያው ምሽት ልጁ ግማሽ ሰዓት ተጫውቶ ሲለካው፣ ፕሮሰሰሩ ከ72 ዲግሪ አላለፈም፤ ማራገቢያዎቹም ከመቶ 60 በላይ አልፈጠኑም። ከአንድ ሳንቲም በላይ ያወጣነው ነገር የለም፤ እንዲያውም አንዲቱን ሳንቲም እንኳ አላወጣንም።

በማግሥቱ ማለዳ አያቱ ቡና እየተፈላ ሳለ ልጁን አተኵረው አዩትና፣ «አንተ ልጅ፣ ትናንት ማታ አሞህ ኖሯል? ሥራህን ሳትሠራ አደርህ» አሉት። ልጁም ሌሊቱን እስከ ስድስት ሰዓት ሲሠራ ማምሸቱን ሲነግራቸው አላመኑትም። አባትዮውም ስለ መሸጡ ነገር ዳግመኛ አላነሡም።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን እንዲህ ላለው ነገር ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤትዎ ሲገቡ ኮምፒዩተርዎ ከግድግዳው ስንት ስንዝር እንደ ራቀ፣ በላዩም ምን እንደ ተዘረጋ ይመልከቱ፤ የሚጮኽም ከሆነ ማራገቢያውን ከመንቀልዎ በፊት ሽቦዎቹን ይቍጠሩ።